ጥርስ በሌለው አፍ የተማለ መሐላ

የዝናቡ ዕንቁ ከማማው የተሰረቀ ዕለት፣ ደመናው ሁሉ ለአርዳን መንግሥት ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ሌባው ድርማክ በባሕር ማዶ ደሴቱ ተቀምጧል፤ ወደዚያ የምታደርስም ከታላቋ በራሪ አውሬ ከሩማይ በቀር አልተገኘችም።

ሩማይን ያሳደገቻት ዘሊያ ናት። ከሩማይ ጭንቅላት ወደ ኋላ እንደ መቅዘፊያ የወጣውን አጥንት፣ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ የሆነውን ክንዷን፣ በአንዲት ረጅም ጣት ተወጥሮ እስከ ጭኗ የሚደርሰውን የክንፏን ቆዳ በዳሰሳ ታውቀዋለች። ለሩማይ ጥርስ የሚባል አልተፈጠረላትም፤ ዓሣውን በምንቃሯ ጨልፋ እንዳለ ትውጠዋለች።

የአርዳን ሰው ግን የሚምለው እጁን በዚሁ አፍ አስገብቶ ነው። የከዳ ሰው እጁ በንክሻዋ ይቆረጣል ይባላል። ዕንቁውን ለማምጣት ከዘሊያ ጋር የሚሄደው የአጎቷ ልጅ ቆርዶስም በንጉሡ ፊት እጁን እስከ ክርኑ አስገባ።

«እኅቴን ብከዳ ይህች ክንዴ ለአሞራ ትሁን!»

«ኧረ ቀስ፣ ታንቃታለህ!» ብላ ሳቀች ዘሊያ። አይ ልጅነት! ሩማይ ጥርስ እንደሌላት ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሁሉም ያመነውን አመነች።

በሩማይ ጀርባ በረው ከደሴቱ ደርሰው፣ ዘሊያ በጠባብ የገደል ስንጥቅ ወርዳ ዕንቁውን አገኘች፤ ከውስጥ ሆናም ለቆርዶስ ዘረጋችለት።

«ያዝልኝ ወንድሜ፣ እስክወጣ።»

ምነው ባላቀበለችው! ስትወጣ የሩማይ ክንፍ በጩቤ ተተልትሏል፤ ቆርዶስም በድርማክ ታንኳ እየቀዘፈ ነው።

«አትቀየሚኝ! ድርማክ የአርዳንን ዙፋን ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል!»

«እጅህን አስገብተህ ምለህ አልነበር?»

«ሞኚት! በምኗ ልትነክሰኝ?»

አብረው በአንድ ገበታ ያደጉት ቆርዶስ! ዘሊያ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ መቀነቷን ቀድዳ፣ የተተለተለውን ቆዳ ከረጅሟ ጣት ጋር አሰረችው።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሆዴ። አውቃለሁ ያምሻል።»

ሩማይ ዘሊያን ተሸክማ እያቃሰተች ተነሣች። ታንኳው ላይ ወርዳ ዕንቁውን ከነክንዱ ጎረሰች። ቆርዶስ ጮኸ። ክንዱን ስትለቅለት ጭረት እንኳ አልነበረበትም፤ ዕንቁው ግን ከእጁ ጠፍቷል።

የአርዳን ዳርቻ ሲታይ ያቺ ረጅም ጣት ቀጭ ብላ ተሰበረች። ሩማይ ዘሊያን በደረቷ አቅፋ አሸዋው ላይ ወደቀች፤ ዳግመኛም አልተነሣችም።

ዘሊያ እጇን በሩማይ አፍ እስከ ክርኗ አስገብታ ዕንቁውን ስትጨብጥ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ንጉሡ እየሮጠ ደረሰ።

«ቆርዶስስ? እጅሽን ሳታወጪ በመሐላ ንገሪን!»

ዘሊያ ዕንቁውን ይዛ እጇን አወጣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከድቶናል። እሱን ያመናችሁት በዚህ መሐላ ነበር። እኔን ግን እንዲሁ እመኑኝ።»

ከዚያም ዝናቡ እንዳይገባባት የሩማይን አፍ በሁለት እጇ ገጠመችው።