ሁለቱ "እኛ"

ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። በእኔ በራሴ ላይ።

ማመን ያልፈለገ መብቱ ነው። እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ብቻችሁን ቤት ውስጥ ያላችሁ ግን፣ እባካችሁ ሰው እስኪመጣ ጠብቁና አንብቡት።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ ነው። ጨለማ የለም፣ መብረቅ የለም። አሁር ሐይቅ ላይ፣ ቴሉም በምትባለው የትውልድ መንደሬ፣ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ውጭ ጉም ወርዷል...

ቆይ። መጀመሪያ ስለ ቋንቋችን ልንገራችሁ። አለዚያ ምን እንዳስፈራኝ አይገባችሁም።

እኔ ሶሪን ነኝ፤ የውሃ ሰው። ቤቶቻችን በደንገል ወለል ላይ ይንሳፈፋሉ፤ እንዳይርቁ እርስ በርስ በገመድ ይታሰራሉ። ቋንቋችን ደግሞ ሁለት "እኛ" አለው።

"ናሙ" ማለት እኛ ነው... አንቺም ያለሽበት።

"ኪሽ" ማለትም እኛ ነው... አንቺ የሌለሽበት።

"ናሙ እንብላ" ካሉሽ ተጋብዘሻል። "ኪሽ እንበላለን" ካሉሽ ጫማሽን ፈልጊ። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ከደጅ ሆኖ "ናሙ?" ይላል። ውስጥ ያሉት "ናሙ" ብለው ይመልሱለታል። ሰላምታችን ይኸው ነው፣ ሌላ የለንም።

ከሐይቁ ማዶ ያሉት ዶርባዎች፣ የደረቅ መሬት ሰዎች፣ ልክ እንደ እናንተ አንድ "እኛ" ብቻ ነው ያላቸው። እኔ እነሱ ዘንድ በአስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ዶርባ ጨው ነጋዴ መልእክት ይዞልኝ መጣ።

"ሴልኒ፣ ታላቅ እህትሽ ኦማሪት ልካኝ ነው። 'እኛ የገመድ በዓል ልናከብር ነው፣ ነይ' ብላለች።"

እኛ።

የትኛው እኛ? በዶርባ አፍ ሲያልፍ ልዩነቱ እዚያው ይቀራል። የሰውን ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የማሻግረው እኔ፣ እንጀራዬም ይኸው የሆነው እኔ፣ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ። "ናሙ" ነው ያለችው ብዬ፣ ደስ እያለኝ ጓዜን ጠቀለልኩ።

በበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ደረስኩ። የመንደሩ መረቦች ሁሉ ተሰቅለዋል። ደርቀዋል። ውሃ ከነካቸው የቆዩ ይመስላሉ። በዓል ስለሆነ ነው አልኩ።

ታንኳዬን አስጠግቼ ከእህቴ ደጅ ቆምኩ።

"ናሙ?"

በግድግዳው ቀዳዳ እግሯ ይታየኛል። ቆማለች። አትንቀሳቀስም።

"እትዬ?... ናሙ?"

"ግቢ፣" አለች በመጨረሻ።

ግቢ! ጨው ሊሸጥ ለመጣ ዶርባ እንዲህ ይባላል። ለእህት አይባልም።

ወዲያው ግን እላዬ ላይ ተጠመጠመች። ስማ አልጠገበችኝም፣ እንባዋ አንገቴን አራሰው። ናፍቆት ነው አልኩ። ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ!

ባሏ ቱርጋን ጥግ ይዞ ገመድ ይገምዳል። ይህ ሰውዬ እኔን ካየ ማሾፍ አያቆምም ነበር። "ዶርባዊቷ መጣች! ዋና ረስተሽ እንዳትሰምጪብን!" ይለኝ ነበር። ዛሬ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ምነው ቱርጋን፣ ምላስህን ዓሣ በላው እንዴ?"

"ደክሞኝ ነው፣ የኔ እህት።"

ጎረቤታቸው አሮጊቷ ብቅ ብለው ጉልበቴን ዳሰሱ፣ ፀጉሬን ዳሰሱ። "ወፍረሻል፣ ተመስገን" አሉኝ። ከዚያ ለእህቴ ሳይሆን ለእኔ፣ ዓይኔን እያዩ፣ "ኋላ ኪሽ እንዘፍናለን" አሉ።

ሳቅኩ። "እማማ፣ እኔስ? ድምፄ አስጠላዎት?"

አልሳቁም። ወጡ።

ምሳ ቀረበ። የተጠበሰ ዓሣ ነው... አንድ፣ መዳፌን የማታክል። ሦስት ሰው ነን። ሁለቱም ወደ እኔ ገፉት።

"እናንተስ?"

"ብዪ፣" አለ ቱርጋን፣ ሐሳቡ ሌላ ጋ ሆኖ። "ብዪ እንጂ። ኋላ ናሙ ስንዘፍን ጉልበት..."

የእህቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ኪሽ፣" አለችው በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ኪሽ በል።"

"ኦማሪት፣ እኔ እኮ..."

"ኪሽ በል አልኩህ! ይሰማል!"

ቱርጋን ወለሉን አየ። ከወለሉ በታች ውሃ ነው። "ኪሽ..." አለ፣ "ኪሽ ስንዘፍን።" ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ልጅ ሳለን የሚያስፈራሩን በአንድ ወሬ ነበር። ሐይቁ ይሰማል ይላሉ። ዓሣ በጠፋበት ዓመት መንደሩ ዕጣ ይጥላል፣ ዕጣው የወጣበት ቤት አንድ ሰው ለሐይቁ ይሰጣል። ሐይቁ ግን "ናሙ" የተባለን ሰው አይነካም። ስለዚህ የሚሰጠውን ሰው መጀመሪያ ከ"ናሙ" ማውጣት ያስፈልጋል። አፍ ከሳተና አንድ ሰው "ናሙ" ብሎት ወዲያው ካላረመ ግን፣ በቃ፣ ያ ሰው ተረፈ።

ወሬ ነው ብዬ ነበር ያደግኩት።

"እትዬ፣" አልኩ። "ዕጣው የማን ቤት ወጣ?"

እህቴ ዓሣውን ይበልጥ ወደ እኔ ገፋችው።

"የማን ቤት?"

"የኔ።"

ቱርጋን ተነስቶ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ወይ እሱ ነበር፣ ወይ እኔ፣" አለች እህቴ። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

"እና እኔን አስጠራሽ።"

"ሩቅ ነሽ፣ ሴልኒ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። አንቺ... እዚህ አትጎድዪም።"

እንደዚህ ነው ያለችኝ። አትጎድዪም። ስንት ቃል ተርጉሜ አውቃለሁ፣ እንደዚህ የከበደኝ የለም።

ተንበርክኬ ቀሚሷን ያዝኩ። አላፈርኩም። "አንዴ ብቻ። አንዴ 'ናሙ' በዪኝ። ከዚያ እሄዳለሁ፣ ዳግመኛ አታዪኝም። እትዬ... ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ና..." አለች።

ቀሚሷን ይበልጥ ጨበጥኩ።

ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ጉንጬን ዳበሰችኝና፣

"ኪሽ እንወድሻለን፣" አለች።

እንወድሻለን። በቋንቋችን ይህ ቃል ከ"ኪሽ" ጋር ብቻ ነው የሚሄደው። የሚወደው ወዲህ ነው፣ የሚወደደው ወዲያ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትለኝ ኖራለች፣ እኔም ሰምቼው እተኛ ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ።

እጄን አስለቅቃ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ።

ደጁ ላይ ስደርስ ገመዱ ተፈቷል። በእኔና በጎረቤቱ ቤት መካከል ውሃ ገብቷል። ታንኳዬም የለችም። እህቴ ማዶ ቆማ የገመዱን ጫፍ ይዛለች። ቤቷን ከነምጣዱ፣ ከነመኝታው፣ ከነእኔ ለቀቀችው። ከዚያ ጉሙ ሸፈናት።

ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የቀኑ ብርሃን ጉሙን እንደ ወተት አንጥቶታል።

መዝፈን ጀመሩ። መንደሩ በሙሉ። ዘፈኑን የሚያወጣው የእህቴ ድምፅ ነው፤ መቼም አልሳተውም። እያንዳንዱ ስንኝ "ኪሽ" ብሎ ይጀምራል።

ልዋኝ! ዋና መች ይረሳል? ልዘል አንድ እግሬን አነሳሁ...

ኳ። ኳ።

ከወለሉ ሥር ነው።

እግሬን መለስኩ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ሰው ደጅ ላይ ሆኖ እንደሚያንኳኳ ነው፣ በቀስታ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ድምፅ መጣ። አንድ አይደለም። የሽማግሌ አለበት፣ የሴት አለበት፣ ገና የልጅ የሆነም አለበት።

"ናሙ?"

ማዶ ያሉት ይዘፍናሉ... ኪሽ... ኪሽ...

"ናሙ?" አሉ ከታች።

አለቀስኩ። ከፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ናሙ፣" ብዬ መለስኩ።

ማንኳኳቱ ቆመ።

ቤቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ነፋስ የለም፣ ቀዛፊ የለም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከዶርባዎች ዳርቻ አደረሰኝ። ወርጄ ዞር ስል፣ እህቴ የፈታችው ገመድ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ወርዷል። ጎትቼ አላየሁም። የሚጎትት ካለ እሱ ይጎትት።

አሁን ከውሃ ርቄ፣ ተራራ ላይ ነው የምኖረው። ብቻዬን። አንድ "እኛ" ብቻ ካላቸው ሰዎች መካከል። ታድላችሁ። ማን እንዳስወጣችሁ ሳታውቁ ትኖራላችሁ።

ልማድ ግን አይለቅም። ወደ ቤቴ ስገባ ከደጅ ሆኜ "ናሙ?" እላለሁ።

ይመልሱልኛል።

ስገባ ማንም የለም። ወለሉ እርጥብ ነው። ለምጄዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ።

ትናንት ከገበያ ተመልሼ እንደ ሁልጊዜው ጠራሁ።

"ናሙ፣" አሉ ሁሉም አንድ ላይ።

ቁልፉን ላዞር ስል... ከሁሉም ዘግይቶ፣ አንድ አዲስ ድምፅ ከውስጥ መለሰ።

"ናሙ።"

የኦማሪት ነው።