ግድግዳውን የተደገፈው

ደርባን ላይ ታክሲው ውስጥ ስገባ አንድ ወንበር ብቻ ባዶ ነበር። አጠገቡ ለተቀመጠው ወጣት ሰላምታ ሰጠሁት፤ አልመለሰልኝም። ልቀመጥ ስል መዳፉን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ ከለከለኝ። አፍሬ ከኋላ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ።

«ተይው፣ ወንበሩን አግብቶት ይሆናል» አለችኝ ሴትዮዋ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ የቱኬላን ወንዝ ልንሻገር ነው» አለ በቀስታ። ያኔ ወንበሩ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የቁርቁራ ቅርንጫፍ አየሁት። በእኛ ልማድ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው መንፈስ የሚመለሰው በዚያ ቅርንጫፍ ነው። ወንበር ይያዝለታል፤ መንገዱ ይነገረዋል። ቅርንጫፉን የያዘው ሰው ቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም።

ኖንጎማ ስንወርድ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። ይቅርታ መጠየቁ እንደሆነ ገባኝ።

ከሳምንታት በኋላ ያው ሰው ግቢያችን መጣ። ስሙ ዝዌላኬ ነው፤ ጣሪያ ሠሪ ነው። ያስጠራችው እናቴ ናት። ሣር ከለበሰው ክብ ቤታችን ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል የቆርቆሮ ተቀጥላ አለን። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ይወድቃል። እናቴ እንደገና ታሠራዋለች።

ማዕድ ቤት መስሎት ጭሱ በየት እንደሚወጣ ጠየቃት። ምግብ እንደማይበስልበት፣ ዕቃም እንደማይቀመጥበት ነገረችው። አባቴ ጆሃንስበርግ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ወንድም የለኝም፤ መንፈሱን ሄዶ ያመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ከጀርባ በኩል አንድ ሰው ግድግዳውን ሲደገፍ እንሰማለን። እኔም በቀን፣ መጽሐፍ ይዤ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ።

«ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው» አለች እናቴ።

ዝዌላኬ ኮፍያውን አወለቀ። «እማማ፣ አባወራ ቤቱን ተደግፎ ደጅ አይቆምም። ከመቃብራቸው አምጥታችሁ ወደ ቤት አስገቧቸው እንጂ።»

እናቴ ይህ የወንድ ሥራ ነው ብላ ተከራከረች። እሱ ግን፣ ሟች የሚከተለው የሚያውቀውን ድምፅ ነው አላት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እስክወስን ድረስ የሣር ክዳናችንን እየጠገነ ሰነበተ። ከታች ሣር አቀብለዋለሁ። የታክሲዋን ሴትዮ ቀልድ ስነግረው ከጣሪያው ሊወድቅ እስኪል ሳቀ። ወደድኩት። ግን አባቴ ሳይነገረው አላገባም፤ የሚነገረውም ቤት ውስጥ ከበሩ ትይዩ ባለው የሙታን ጥግ ነው። ጥጉ ባዶ ነበር።

ጆሃንስበርግ ሄድኩ። ስንመለስ በእኔ ፈንታ ሾፌሩን የሚያናግር ሰው ስለሚያስፈልግ ዝዌላኬም አብሮኝ ሄደ። መቃብሩ ላይ አባቴን በስሙ ጠርቼ ቅርንጫፉን አነሳሁ። በመልሱ ጉዞ ቅርንጫፉ በመካከላችን ባለው ወንበር ላይ ነበር። ብዙ መንገድ ከተጓዝን በኋላ ዝዌላኬ ወደ እኔ ዞረ።

«ቶቤኪሌ፣ አሁን የምነግርሽ መልስ መስጠት ስለማትችዪ ነው» አለ። «ብትችዪ ኖሮ አልደፍርም ነበር... እወድሻለሁ። አባትሽም ይስሙኝ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ወንዝ ደረስን። ጎንበስ ብዬ ለአባቴ መሻገራችንን ነገርኩት፤ ከዚያም ቀጠልኩ።

«አባዬ፣ ይሄን ሰው ሰማኸው? እኔም እወደዋለሁ።»

ባዶው ወንበር ቀስ ብሎ ተንቋቋ። ዝዌላኬ ከመስኮቱ አልዞረም፤ ጉንጩ ግን በፈገግታ ሲነሳ አየሁት።

ቤት ስንደርስ ቅርንጫፉን ጥጉ ላይ አኖርኩት። ማታ ዘነበ። ከግድግዳው ጀርባ ምንም አልተሰማም፤ እናቴ ግን ቁጭ ብላ ስታዳምጥ አመሸች። በማግስቱ ዝዌላኬ ተቀጥላውን አፍርሶ በቆርቆሮው ከበሩ ጎን ማዕድ ቤት ሠራልን። የዝናቡ ወራት ሲያበቃ የዝዌላኬ ሽማግሌዎች የአጥራችን በር ላይ ቆመው የአባቴን የዘር ስም ጠሩ።