የሟቹ የክርስትና ስም

ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ የካቶሊኮቹ የወንዶች ትምህርት ቤት የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ መልካሙ የሚባሉ ሽማግሌ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ዝናሽ ፊታቸውን ስታይ አወቀቻቸው። አርብ ዕለት ቢሮዋ መጥተው «አንድ ነገር ላስመዘግብ ነበር» ሲሏት፣ ምሳ ልትወጣ ስለነበረ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ይመለሱ» ብላ የሸኘቻቸው ሰው ናቸው። ቁጭ በሉ እንኳ አላለቻቸውም።

ያገኛቸው ዘበኛው ጌጡ ነው። ታዲያ ዱላው ላይ ደም ስላለ ወዲያው ታሰረ።

«እታለም፣ ደሙ ሳነሳቸው ነው የነካው» አላት። «ገድዬስ ቢሆን እኔው ኡኡ ብዬ አገር እጠራ ነበር?»

«ከአንተ ሌላ ግቢ ውስጥ ማን ነበረ?»

«አባ ሙላቴና የኔታ ይሻው። ከሳቸው ሌላ በር የከፈትኩት ለነሱ ብቻ ነው።»

ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አራት ልጆች አሉት። ዝናሽ እስከዚያ ሌላ ነገር ካላገኘች አለቀለት ማለት ነው።

ርእሰ መምህሩ አባ ሙላቴ ደግሞ አንድ ሲጠየቁ ሦስት የሚመልሱ ናቸው።

«እሳቸው ከአንበሳሜ የመጡት ለትምህርት ቤታችን ስልሳኛ ዓመት በሚታተመው መጽሐፍ ላይ ታሪካቸውን ሊያጽፉ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲጀመር እኮ በተከራዩት የእህል መጋዘን ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ መልካሙ። ያስተምሯቸው የነበሩት ጣሊያናዊ አባ ግራ ቢገባቸው ሁሉንም በክርስትና ስማቸው ይጠሯቸው ጀመር።»

«ሟቹስ ከነሱ አንዱ ናቸው?»

«ነኝ ይሉ ነበር። መጋዘኑን አቃጥሏል ተብሎ የተባረረ ልጅም እንደነበረ ሰምቻለሁ። የድሮውን የተማሪዎች መዝገብ ትናንት አውሼያቸው ነበር፤ አሁን የለም።»

ከአሥራ አንዱ ከተማው ውስጥ የቀሩት መምህር ይሻው ብቻ ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ አዲሱ አዳራሽም በስማቸው ሊጠራ ነው።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?» አለች ዝናሽ።

«ከየት አውቀዋለሁ ልጄ። እሱ ከእኛ ጋር አልተማረም» አሉ የጋቢያቸውን ጫፍ እያጠፉ።

እሑድ ቀብር ሆነ። ቄሱ ፍትሐቱን አቋርጠው «የክርስትና ስማቸው?» ብለው ጠየቁ። ዘመድ የለ፤ መታወቂያው የሚለው መልካሙ ብቻ። አባ ሙላቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝናሽ አንገቷን ደፋች። ይኼኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ «ክንፈ ሚካኤል» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጌጡንም ከነካቴናው።

«አባ፣ የክርስትና ስማቸውን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አንተስ ጌጡ?»

«እኔማ የልጆቼም ይምታታብኛል።»

«የኔታ ግን አወቁት» አለች ዝናሽ። «ቀብሩ ላይ ከኋላ ሆነው ሲናገሩት ዞር ብዬ አይቻቸዋለሁ። ያንን ስም የሚያውቅ ወይ ከሳቸው ጋር መጋዘኑ ውስጥ የተማረ፣ ወይ መዝገቡን ያየ ነው። አንቱ ግን አላውቀውም ብለውኛል። መዝገቡ መጥፋቱም የሚጠቅመው ከእኛ ጋር አልተማረም ለሚል ሰው ነው። ደግሞ ሁላችን እሳቸው ስንል፣ አንቱ ብቻ እሱ አሉ። በአገራችን የማያውቁትን ሽማግሌ እሱ የሚል አለ? እሱ የሚባል አብሮ አደግ ነው።»

የኔታ ይሻው ከጋቢያቸው ሥር መዝገቡን አወጡት።

«በኩራዝ ስጫወት መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እሱ ተባረረ፤ እኔ የኔታ ሆንኩ። ቅዳሜ ደረጃው ላይ ‹እውነቱ ይጻፍ፣ ካልሆነ ሰኞ ፖሊስ ጋ አስመዘግባለሁ› አለኝ። መዝገቡን ነጠቅሁት። ሲይዘኝ ገፋሁት።»

ሰኞ የሚለውን ስትሰማ ዝናሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ስሙን ተናገሩ?»

«ስልሳ ዓመት ስሙን ወስጄበታለሁ፣ ልጄ። ያለ ስም ደግሞ ልቅበረው?»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጌጡ ተፈትቶ ዱላውን ሊወስድ ቢሮዋ መጣ። ከጠረጴዛዋ ፊት ያለውን ወንበር አየት አድርጎ «ልቀመጥ፣ እታለም?» አላት።

«ከወዲያኛው ላይ ተቀመጥ» አለችው። «ይሄ ተይዟል።»