የአባ ጨፍልቅ ትእዛዝ

ይሄ ተረት አይደለም። የነገረኝ አጎቴ አፈወርቅ ነው፤ ዛሬም ሬዲዮ ያለበት ቤት አይገባም።

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት። ሰዓቱ ቀትር... ግን ጉሙ የእስር ቤቱን ግቢ ውጦታል።

አፈወርቅ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ጠሪው የይለፍ ቃሉን ካለ ማንነቱ አይጠየቅም፤ እስር ቤት ክፈቱ ቢል ይከፈታል።

እዚያው እስር ቤት ታናሽ ወንድሙ መርስዔ ኃዘን አለ። "አውጡት" የተባለ እስረኛ ደግሞ ተመልሶ አያውቅም።

ካድሬው ጓድ መኳንንት (ይህን ስም ይዞ ነው ፊውዳልን የሚረግመው) ቃሉ ማንም የማይገምተው እንዲሆን አጥብቆ አዝዞ ነበር። አፈወርቅ ግን የሟች አባቱን የፈረስ ስም መረጠ። አባ ጨፍልቅ።

ማታ ቤት ሲነግራት ሚስቱ ጠጄ ሳቀችበት። "አገር ሙሉ ያለቀሰበት ስም ምኑ ነው ምስጢር?"

እውነቷን ነው። በለቅሶው ቀን ፈረሱን ጭነው፣ ያንኑ ስም እየጠሩ ነው የዋሉት።

ሬዲዮው ሿ... አለ።

"አባ ጨፍልቅ።"

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ዳገት እንደወጣ ሰው ያለከልካል።

"መርስዔ ኃዘንን አውጡት።"

አፈወርቅ በሹክሹክታ፣ "ማን ልበል?" አለ።

የልጓም ብረት ሲታኘክ ብቻ ይሰማል።

ዘበኛው ኃይለ ኢየሱስ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ቃሉ ተብሏል። ቁልፉን ይዞ ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፈረሰኛ ወሰደው። ፊቱን አላየሁትም... ልጁ ግን 'አባዬ' አለው።"

አፈወርቅ ደብረ ብርሃንን ጠራ። እዚያ ያለው ባልደረባው እያዛጋ፣ ጄኔሬተራቸው ተበላሽቶ ገና አሁን መነሳቱን፣ ዛሬ ማንንም አለመጥራታቸውን ነገረው።

አፈወርቅ አዲስ ቃል ፈጠረ። ፊደሉ ከቁጥር የተዘበራረቀ፣ ጓድ መኳንንት የሚኮራበት ዓይነት። አልጻፈውም። አልተነፈሰውም። በልቡ ብቻ ያዘው። ሽቦውንም ከባትሪው ነቀለ።

ሬዲዮው ሿ... አለ።

ያ ድምፅ አዲሱን ቃል ፊደል በፊደል ጠራው። ቀስ ብሎ... አንዱንም ሳይስት።

ከዚያ፣ "አፈወርቅን አውጡት።"

ኃይለ ኢየሱስ ቀና ብሎ አየው። ቃሉ ልክ መሆኑን ከፊቱ አነበበና በሩን ከፈተ።

ደጃፉ ላይ የተጫነ ፈረስ ቆሟል። ሰው የለበትም። የመርስዔ ጋቢ ኮርቻው ላይ ተጣጥፏል... በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ ደረቅ።

አጎቴ ሁሌም እዚህ ላይ ሲደርስ ያቆማል።

መዳፎቹን ብቻ ይዘረጋልኛል። በሁለቱም ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አጥብቆ የያዘው ልጓም የቆረጠው ጠባሳ አለ።