ከመስኮቱ ኋላ የነበረው ልጅ

የምጽፈው ፉሉ እስኪበስል ነው። ካቋረጥኩ ደንበኛ ጠርቶኝ ነው።

ካላዩን ያገኘሁት እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ ከተማ፣ ፉል ቤቴ ነው። የገዳሪፍ አውቶብስ ሲጠብቅ ገባና በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ፈቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሰሊጥ ዘይት አንጠባጠብኩበት።

«ምን ላይ እንዳፈሰስሽ ታውቂያለሽ?»

«ወረቀት ላይ።»

«ይሄን ይዤ እኮ ነው ተከዜን የተሻገርኩት!»

«እኔ እናቴን ይዤ ነው የተሻገርኩት። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አውቶብስ ያመልጠው ጀመር።

መጽሐፉ ስለ ገንዘብ ቀውስ ነው፤ ባንኮች እንዴት እንደሚወድቁ። ከድሮ ጀምሮ የተከበረ የፈረንጅ መጽሐፍ። ሁለት ዓመት ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ አዋሰኝ። እሱ የሚኖርበት ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ እሁድ እሁድ የንባብ ማኅበር አላቸው። አንዱ ሂስ ይጽፋል፣ ሌላው ቆሞ ያነብለታል። የጻፈው ሰው አፉን አይከፍትም። ሕጋቸው ነው።

«አንቺ ጻፊ፣ እኔ አነባለሁ» አለኝ።

ጻፍኩ። ተናድጄ።

«ደራሲው ባንክ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው መንጋ ይለዋል፣ አብዷል ይለዋል። እናቴ ፋናዬ የሰሊጥ ገንዘቧን ልታወጣ ሦስት ቀን ተሰልፋለች። አላበደችም። ‹ገንዘቡ አለ፣ ነገ ተመለሱ› አሏት። ከመስኮቱ ኋላ የነበረው ልጅ ካዝናው ባዶ መሆኑን ያውቅ ነበር። ይሄ ሁሉ ገጽ ስለዚያ ልጅ አንድ መስመር የለውም።»

ካላዩ አነበበና ፉሉን ሳይነካ ቀረ።

«የመጨረሻውን እናውጣው።»

«ለምን?»

«ስሜት በዛበት። ሂስ እኮ ነው።»

«አንተን ምን አገባህ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ባንክ ነበር የምሠራው። መስኮት ላይ።»

የእናቴ መስኮት አልነበረም። እሱ የሠራው ሌላ ከተማ ነው።

«ነገ ተመለሱ ብለሃል?»

«አለቃችን ሰው እንዳይረበሽ ብሎ...»

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ። «ኸላስ፣ በቃ። ውጣ! ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። አንዲት ቃል ብትቀንስ ዓይንህን አላይም።»

እሁድ ከእናቴ ጋር ወደ ካምፑ ሄድን።

«ማነው የሚያነብልሽ?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«አንድ ፈሪ።»

«ለፈሪ ነው ጸጉርሽን የተሠራሽው?»

ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ።

ካላዩ ቆሞ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ሃያ ሰው ይጠብቃል። እኔ መናገር አልችልም። ጥርሴን ነክሼ አየሁት። አየኝ።

አነበበው። አንድም ቃል አልቀነሰም። ከዚያ ያልጻፍኩትን ጨመረ፦ «‹ነገ ተመለሱ› ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር።»

ሲጨርስ እናቴ ዘንድ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ገንዘቡስ ሄደ» አለችው። «ባዶ ነው ብትሉኝ ግን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አልቆምም ነበር። ሦስቱን ቀን ማን ይመልስልኛል?»

ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው።

«እንግዲያው ናና ቁም። ሦስት ቀን። ፉል ቤቱ በር ላይ።»

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መጣ።

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ፊቱ ተቃጥሏል። የአውቶብስ ሾፌሮቹ እያለፉ ይስቁበታል፤ አይመልስላቸውም። ንዴቴ አልወጣልኝም። ውሃ ግን ወሰድኩለት።

«አሁን መግባት ይቻላል?» አለኝ።

«ነገ ተመለስ።»

ውሃውን ጨልጦ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«ነገስ ባዶ ነው?»

«አይደለም» አልኩት።

ፉሉ በሰለ።