ተጠሪ

ትርንጎ የወረዳው ፍርድ ቤት ግቢ የደረሰችው ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጣሪያ ማሞቅ ስትጀምር ነበር። እንደ ማንኛውም ሰኞ ባለጉዳዩ በረንዳው ላይ ተደርድሯል፤ ጋቢውን የተከናነበ አለ፣ ዱላውን አገጩ ሥር ተክሎ የሚያንቀላፋ አለ፣ ከከሰሰው ሰው ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ከአንድ ፌስታል ቆሎ የሚዘግንም አለ። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል። የግቢው አቧራ እንደ ዱቄት ልሞ ሰው በተራመደ ቁጥር እስከ ጉልበት ይነሣል፣ ከንፈር ላይ ይቀመጣል፣ ጥርስ መካከል ይንቀጫቀጫል።

የመጣችው ለአንድ ወረቀት ነው። ባሏን ክፍሌን እዚሁ ፍርድ ቤት ከፈታችው ዓመት አልፏል። ከፍቺው ብዙም ሳይቆይ፣ ክፍሌ በጓሮው ይቆፍረው የነበረው የውሃ ጉድጓድ ተደረመሰበትና እዚያው ቀረ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ቆፈረ፤ አፈሩ ባወጡት ቁጥር እየተንሸራተተ ቢሞላባቸው ጊዜ ቄስ ጠርተው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ፍትሐት አስደረጉለትና በድንጋይ ደፈኑት። ሬሳ አልወጣምና የሞት ማስረጃ የሚሰጣት ቢሮ አላገኘችም። አሁን ንጋቱ የሚባል ልብስ ሰፊ ሊያገባት ቀን ቆርጧል፤ ጋብቻ የሚመዘግቡት ሰዎች ግን፣ «እኛ ዘንድ ባለትዳር ነሽ፤ የፍቺውን ውሳኔ ግልባጭ አምጪ» ብለው መለሷት። ያ ወረቀት ካልተገኘ ሠርግ የለም። ከሠርጉም ይልቅ፣ ያ ሰው አፈር ሥር ሆኖ እንኳ ሚስቱ ተብላ መጠራቷ እንቅልፍ ይነሣት ነበር።

ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ምናሴ ከበሩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር፣ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አድርጎ ተቀምጧል። የመጣችበትን ነገረችው።

«ስም?»

«ትርንጎ አበጀ።»

«ትርንጎ» አለ ጋሽ ምናሴ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያያት። «እንዲህ ያለች ፍሬ አግኝቶ የፈታ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ብሆን ልጣጭሽንም ለሰው አልሰጥ።»

«አንተማ አፍህ ብቻ ነው» አለችው ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ። «ቤትህ ስትገባ ሚስትህ ፊት መች ትተነፍሳለህ።»

ሰው ሳቀ። ትርንጎም ፈገግ አለች። ጋሽ ምናሴ ሥርዓቱን ነገራት፤ ማመልከቻዋን ለሬጅስትራሯ ትሰጣለች፣ ሬጅስትራሯ ወደ መዝገብ ቤት ትመራዋለች፣ መዝገቡ ሲገኝ ውሳኔው ይገለበጥና ማኅተም ተመትቶበት በመታወቂያዋ ትወስደዋለች። የመዝገቡ ቁጥር ከጠፋባትም ግድ የለም፤ በስም ይፈልጉታል።

«እንግዲህ አመልካች አንቺ ነሽ። ተጠሪስ?»

«ተጠሪ ምንድን ነው?»

«የሚጠራው ነዋ። ያኛው ወገን። ልጻፈው?»

ትርንጎ አመነታች። የጎደለ ወረቀት ይዛ ገብታ፣ ነገ ተመለሺ እንዳይሏት ፈራች።

«ጻፈው» አለች። «ክፍሌ ዘለቀ።»

ጋሽ ምናሴ ስሙን ጽፎ ከሥሩ አሰመረበት። ያኔ ነው ትርንጎ ድምፁን የሰማችው፤ ሩቅና ደብዛዛ፣ ድጅኖ ጠንካራ አፈር ሲያገኝ የሚያሰማው ዓይነት፣ ድም… ድም… እያለ፣ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ሰው ትንፋሹን የሚሰበስብበትን ያህል እያረፈ።

«ማን ነው የሚቆፍረው?» አለች።

ጋሽ ምናሴ ጆሮውን ጣል አደረገ። «የት?» አለና ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረ።

የሬጅስትራሯ ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ብዕሯን ሻሿ ውስጥ ሰክታ፣ የመጣውን ማመልከቻ ሁሉ ቀና ሳትል ገቢ እያለች ማኅተም ትመታለች። ከወንበሯ ጀርባ ወደ መዝገብ ቤቱ የሚያስገባው በር ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የሚታየው መደርደሪያና በገመድ የታሰረ የወረቀት ክምር ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ። የትርንጎን ማመልከቻ መታችና ከመታች በኋላ አነበበችው።

«ይኼ ምናሴ» አለች። «ለግልባጭ ተጠሪ አይጻፍም እኮ። ግልባጭ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን ይወስዳል እንጂ ማንን ይጠራል?»

«ይሰረዝ እንግዲህ፣ እመቤቴ።»

«ገቢ ሆኗል፤ ገቢ የሆነ አይሰረዝም። ግድ የለም፣ ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልቀረበ በሌለበት ትወስጃለሽ።»

«አይቀርብም» አለች ትርንጎ። ሞቷል ልትል ነበር። ነገር ግን ማስረጃሽን ብትላት የምታሳየው የላትምና ዋጠችው።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እዚህ ድምፁ ይበልጥ ይሰማል። ከግድግዳው ማዶ አይደለም፤ ከሲሚንቶው ሥር ነው። እግሯን ስታሳርፍ ምቱ በጫማዋ ሶል አልፎ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትር ይላል፤ ስታነሣው ይጠፋል። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ጸሎታቸውን ያነበንባሉ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ወጣት ስልኩን ይነካካል። ማንም ወለሉን አያይም።

ችሎት አስጠሪው አሥር አለቃ ገበየሁ፣ ያረጀ የወታደር ካፖርቱን ለብሶ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመና በዚያ የከብት መንጋ በሚመልስ ድምፁ ተጣራ።

«ተጠሪ ክፍሌ ዘለቀ።»

ቁፋሮው ቆመ።

ትርንጎ አግዳሚውን ጨበጠች። ሰው ሥራ ላይ እያለ ስሙ ሲጠራ እንደሚያደርገው፣ ከምቱ መካከል ድጅኖውን አንሥቶ እንደ ያዘ ነው የቆመው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ከድምፁ የባሰ ነበር፤ የጣሪያውን ቋቋታ፣ የዝንቦቹን ጥዝዝታ፣ የአሮጊቷን ሹክሹክታ ሁሉ ጠጥቶ የሚያዳምጥ ዝምታ።

አሥር አለቃ ገበየሁ ወዲያና ወዲህ አየና፣ «የለም» ብሎ ገባ።

ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ መስኮት የለውምና ጨለማው እንደ ጭስ ከጥግ ጥግ ሞላ፤ በሁለቱ ጫፎች ብቻ የበር ቅርጽ ያለው ብርሃን ቀረ። ሁለተኛው ጥሪ በዚያ ጨለማ ውስጥ አለፈ። ጥሪው ገና አየር ላይ እያለ ትርንጎ ከወለሉ ሥር ሌላ ነገር ሰማች፤ እግር አፈር ሲፈልግ፣ ያገኘውን ሲረግጥ፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ፍርፋሪ አፈር ረጅም መንገድ ወርዶ ታች ሲረግፍ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ክፍሌ ማታ ማታ ከጉድጓዱ የሚወጣው እንዲህ ነበር፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቦረቦራቸውን መርገጫዎች በእግሩ ጣት እየዳሰሰ፣ ሳይቸኩል። እሷም የሚታጠብበትን ውሃ ይዛ በር ላይ ቆማ፣ ራሱ ብቅ እስኪል ድረስ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር፤ ከትንፋሹ ዛሬ ይመታት እንደሆነ ታውቃለች።

ሽታው ቀጥሎ መጣ። ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ የቀዘቀዘ፣ የረጠበ የሸክላ አፈር ሽታ፣ በዚያ ሁሉ ድርቅ መካከል።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እያደረጉ። «መቃብር መቃብር የሚል ነገር አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል፣ እማማ።»

አሮጊቷ አማተቡና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ወጣቱም ተከተላቸው።

ትርንጎ ተነሥታ ሬጅስትራሯ ዘንድ ገባች። ወይዘሮ ስንዱ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛው ላይ አቁማለች፤ የትርንጎ መዝገብ ተገኝቶ ከፊቷ ተቀምጧል።

«እመቤቴ፣ ማመልከቻውን ልተወውና ሌላ ቀን ልምጣ።»

«ሁለት ጊዜ ካስጠራሽ በኋላ? የተጠራ ሰው ቀርቦ አመልካቿ ብትጠፋ እኮ መዝገቡ በእሱ ቃል ነው የሚዘጋው። አልተፋታንም ቢል ማን ይመልስለታል?» ፊቷን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይመታሽ ነበር እንዴ? አትፍሪ፣ የእኔ እናት። እዚህ ግቢ ውስጥ ምንም አያደርግሽም። ትንሽ ጠብቂ፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ከጠረጴዛው አጠገብ ያለው መውጫ በር ክፍት ነበር። ከደጅ ፀሐይዋ ትታያለች፣ ከግራሩ ሥር የጋሽ ምናሴ ሳቅ ይሰማል። ትርንጎ እግሮቿን ወደዚያ ልታዞር አሰበች፤ አሰበችና ክፍሌ በሌለችበት ሚስቴ ናት ሲል፣ ቃሉም ማኅተም ሲመታበት ታያት። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ግቢው ነጠፈ። ባለጉዳዩ ወደ ምግብ ቤቶቹ ተበተነ፣ ዳኞቹ ወጡ፣ ጋሽ ምናሴም ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ሄደ። ከወለሉ ሥር ያለው ድምፅ ግን አላቋረጠም፤ እግር፣ ትንፋሽ፣ ፍርፋሪ፤ እግር፣ ትንፋሽ፣ ፍርፋሪ፤ ፍርፋሪው የሚወድቅበት ጊዜ በየእርምጃው እየረዘመ፣ ማለትም የሚወጣው እየቀረበ። አሥር አለቃ ገበየሁ ራቡ ስለጠናበት ነው መሰል በረንዳው ድረስ እንኳ አልሄደም። ከክፍሉ ደፍ ላይ ሆኖ ለአመል ያህል፣ ድምፁን ሳያነሣ ጠራ።

«ተጠሪ ክፍሌ ዘለቀ።»

«አቤት።»

መልሱ የመጣው ከመዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው። አፉን ሞልቶ የጎረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«ቀርቧል» አለ አሥር አለቃ ገበየሁ፤ ካፖርቱን ቆልፎ ወደ ምሳው ሄደ።

ወይዘሮ ስንዱ ብዕሯን ከሻሿ ነቅላ ተነሣች። «በየት በኩል ነው የገባኸው አንተ?» እያለች ወደ ጨለማው በር ሄደችና፣ እየሰማች፣ ራሷን እየነቀነቀች ቆመች። ሻማው የሚደርሰው እስከ በሩ እግር ድረስ ነው። ትርንጎ ማየት አልፈለገችም፤ ዓይኗ ግን አልታዘዛትም። የሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ ምንም አልነበረም። ከታች፣ ከወለሉ እኩል፣ ስምንት ጣቶች ደፉን ጨብጠዋል፤ ከጉድጓድ አፍ ገና ያልወጣ ሰው ጠርዙን እንደሚይዘው። ጥፍሮቹ የሉም። ጣቶቹ መካከል ያለው ጭቃ በሻማው ብርሃን ያብለጨልጫል።

ትርንጎ እግሮቿን ከወለሉ አንሥታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

«እሺ… እሺ… እሱማ ጥሩ ነው» ትላለች ወይዘሮ ስንዱ ጎንበስ ብላ። ተመልሳ ስትቀመጥ እጇን በሹራቧ ጠረገች። «ኧረ ምን አስፈራሽ? እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው። ፍቺውን አልቃወምም አለ። ላግባ ካለችም መልካም ትዳር ይሁንላት አለ።»

ትርንጎ የሰማችውን አላመነችም። ወይዘሮ ስንዱ ግልባጩን ከመዝገቡ ሥር ስባ አወጣች፣ ማኅተሙን እህ ብላ ተንፍሳበት መታችና አቀበለቻት። ስሟ አለበት። ጋብቻው ፈርሷል የሚለው ቃል አለበት። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ስትለጥፈው ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰችው እንባ በጉንጯ ወረደ። ከአሁን በኋላ የማንም አይደለችም። ልትነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለች ወይዘሮ ስንዱ እየጻፈች። «በውሳኔው ላይ ንብረት አልተካፈላችሁም ይላል።»

«ንብረት አልነበረንም። ቤቱም ጓሮውም የወንድሙ ነው።»

«መሬቱን አላለም። በገዛ እጄ የቆፈርኩት ጉድጓድ አለን ነው የሚለው። ቁፋሮው የተጀመረው ከፍቺው በፊት ነው በኋላ?»

ትርንጎ ዓይኗ ውጭ ያለችው ፀሐይ ላይ ነበር። ለመሄድ ቸኩላለች፣ ለመዋሸትም ምክንያት አልታያትም።

«በፊት» አለች።

«እንግዲያው የጋራ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት እኩል ነው የሚካፈለው» አለች ወይዘሮ ስንዱ፣ ቀና ሳትል መውጫውን በር በእግሯ ገፋ አድርጋ እየዘጋች፤ «እሱ ግማሹ ላይ ተኝቷል፣ ያንቺንም ግማሽ አስፍቶ ጨርሶልሻል፤ ግቢና ተረከቢው።»