በመርቭ በር ላይ የታሰረው ፎጣ

ይህ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ብዋሽ ቀጣዩ እሳት ከእኔ ጢም ይጀምር።

በአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻ፣ በዋሎንጋ መንደር፣ ሽማግሌው መርቭ በረንዳቸው ላይ ሻንጣ እንደታቀፉ ጭስ አፍኗቸው ሞተው ተገኙ። ውሻቸው እግራቸው ሥር ተጋድማለች። የአጥራቸው በር ላይ ፎጣ ታስሯል። እዚያ አገር እሳት ሲመጣ ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው በሩ ላይ ፎጣ ያስራል፤ እሳት አጥፊዎቹም «ሰው የለም» ብለው ያልፋሉ።

ፎጣው የጎረቤታቸው የኖሪን ነው። መንደሩ በሙሉ «ገዳይ!» እያለ ባልቴቷ ላይ ተነሣ።

ጉዳዩ ለመርማሪ ግሌኒስ ደረሰ፤ ግንባሯን ለዛፍ ካልሆነ ለሰው አትፈታም።

«እማማ ኖሪን፣ ማን አሰረው?»

«እኔማ በውኃ ነክሬ በገዛ በሬ ላይ ነው ያሰርኩት! ከመርቭ ጋር ሃያ ዓመት ተኳርፈናል፤ ግን ሰው በፎጣ ይገደላል እንዴ?»

የሟች የወንድም ልጅ ዳሬል አንገቱን ደፋ። «አጎቴ መኪና የለውም። አለቃ ክሊቭ መጥቶ ሊወስደው ቃል ገብቶ ነበር።»

«አንተስ?»

«ከተማ ነበርኩ። ከገና ወዲህ አልደወልኩለትም።»

የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ክሊቭ ፈጠን አለ። «እሳቱ ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ፎጣውን አየሁና አለፍኩ።»

ግሌኒስ ሁለቱን በሮች ስትመረምር ዋለች። በነጋታው ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች።

«ነፋሱ ፍሙን አንድ ኪሎ ሜትር አስቀድሞ ወረወረው። የተጠበሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁሉ ወደ ባሕሩ እንዳጎነበሰ ደርቋል፤ ስለዚህ እሳቱ ከኮረብታው ወርዶ ሁለቱን በሮች ባንድ ጊዜ ገርፏል። የኖሪን በር ከስሏል፤ እርጥብ ፎጣ የታሰረበት ቦታ ብቻ ነጭ ቀለሙ ተርፏል። የመርቭ በር ግን ከቋጠሮው ሥር ሳይቀር ከሰል ነው። ፎጣው የተዛወረው እሳቱ ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ከአንተ መኪና በቀር የገባ የለም። አለቃ፣ ከእሳቱ በፊት ያየኸው የቱን ፎጣ ነው?»

ክሊቭ ኮፍያውን አወለቀ።

«ፍሙ ሲዘንብብኝ ፈራሁ። ሳላንኳኳ ወደ ባሕሩ ነዳሁ። ስመለስ… ሻንጣውን እንደታቀፈ አገኘሁት። ፎጣውን ከኖሪን በር ፈትቼ እሱ በር ላይ ያሰርኩት ያኔ ነው።»

«በሩን ማንኳኳት አቅቶህ!» ብሎ ዳሬል ጮኸ።

«አንተስ መች አንኳኳህ፣ ልጄ?» አሉ ኖሪን ቀስ ብለው። «እኔስ ብሆን።»

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። ውሻዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። መርቭ ውሻ አልነበራቸውም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ብቻቸውን ጠበቁ ማለት አልሆነልኝም።